ከጋን ወደ ጋን፦ በአዳማ ዙሪያ ጠላ ቤቶችን በእግር ማገናኘት

በአዳማ ዙሪያ ጠላ ቤት ከጠላ ቤት እያገናኘ በእግሩ መጓዝ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው ካርታ ነው። ስህተቱም እዚያው ይጀምራል። መንገዱ የትም አይሄድም፤ ጠላው ግን ቀን አለው። አንድ ጋን ጠላ ለመድረስ ከሳምንት በላይ ይፈጃል፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑን የምትቆርጡት ከጠማቂዋ ጋር ነው። ርቀቱ፣ አቅጣጫውና መነሻ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

እዚህ የምናስረዳው የአንድ ቀን ጉዞ ነው፦ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ቤት፣ ከአራት እስከ ስምንት ሰው። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። የገጠር ጠላ ቤት ማለት የአንዲት እናት መኖሪያ ማለት ነው፤ መደቡ የሚችለው ሰው ቁጥር አለው።

መጀመሪያ ጋኑ

ለቅዳሜ እንግዳ የሚሆን ጠላ ሥራው የሚጀምረው ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ወይም ሐሙስ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፤ ከዚያ የወይራ እንጨት ይጨስና ጋኑ አፉን ወደ ታች ተደርጎ ይደፋበታል። ወይራው ጠላው ላይ የሚቀረውን የጢስ ሽታ ይሰጣል፣ ከቀድሞው ጠላ ተርፎ አዲሱን የሚያኮመጥጠውንም ነገር ያዳክማል። ጋን ሳያጥኑ የጠመቁት ጠላ ቶሎ የሚኮመጥጠው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ጥንስሱ ነው። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። በላዩ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፤ ብቅሉ እህሉን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ደግሞ ከጌሾውና ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣ ነው እንጂ ከሱቅ አይገዛም። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዓይነት እህል ጠምቀው ጠላቸው የማይመሳሰለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉዞውን የሚያጓጓውም ይኸው ልዩነት ነው።

ከዚያ እንኩሮው ይመጣል። አሻሮ፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨ እህል፣ በጥቂት ውሃ ይታሽና ምጣድ ላይ እየታመሰ ፍርፍር ይሆናል። እጅ ላይ ሲታሽ የማይጣበቅ፣ ሽታው የተቆላ ቡና ሊመስል የደረሰ እንኩሮ ነው ጥሩው። የጠላው ጥቁረት ከዚህና ከቂጣው አሳሳል የሚመጣ ስለሆነ ጥቁር ጠላ ጠንካራ ነው፣ ነጣ ያለው ደካማ ነው የሚለው ግምት አይሠራም። ገብስ የደጋ እህል ነው፤ በአዳማ ዙሪያ አሻሮው ውስጥ በቆሎና ማሽላ መብዛቱ አይግረማችሁ። የበቆሎ ጠላ ወፈር፣ ጣፈጥ ይላል።

እንኩሮው የገባበት ጥንስስ ድፍድፍ ይባላል። ጥቂት ቀን ይብላላና በመጨረሻ ውሃ ይጨመርበታል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ በማግስቱ ይቀዳል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት አገር ነውና ድፍድፉ ከደጋው ይልቅ ይፈጥናል። ከሸኖ ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣ ሰው በለመደው ቀን ቆጥሮ ቢቀጥር፣ ሲደርስ ጠላው አልፎበት ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ ለተጓዥ የሚጠቅመው ይህ ነው። ከጉዞው አሥር ቀን በፊት ደውሉ ወይም ሰው ላኩ፤ የሰው ቁጥር ተናገሩ፤ ቀብድ ስጡ። ሐሙስ ዕለት ደግማችሁ ደውሉና ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ድፍድፉ ውሃ የሚገባበት መቼ ነው?» ዓርብ ጠዋት ካሉ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ጠላ ታገኛላችሁ። «ቅዳሜ በጠዋት» ካሉ የሚጠብቃችሁ ጉሽ ነው። ጉሽ ገና እየፈላ ያለ፣ ያልጠለለ፣ አረፋው የማያርፍ ነው፤ ቤት ተቀምጦ ለሚጠጣው ደስ ይላል፣ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚቀረው ሰው ግን ሆድ መንፋት፣ ሲብስም ጫካ መፈለግ ነው። እንዲህ ከሆነ ያንን ቤት ወደ ጉዞው መጨረሻ አዙሩት፤ ከዚያ የሚቀራችሁ መንገድ ጥቂት ነው።

መጠኑን በተመለከተ ለስድስት ሰው በአንድ ቤት ሁለት ሊትር ይበቃል። ጠማቂዋ «ይህ ምን ሊሆን ነው?» ብትል አትገረሙ።

ቤቱን እንዴት ታገኙታላችሁ?

የሚሸጥበት ቤት ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ረዘም ያለ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ። ነገር ግን የገጠር ጠላ ሁልጊዜ የሚሸጥ አይደለም፤ ብዙ ቤት የሚጠመቀው ለማኅበር፣ ለክርስትና ወይም ለደቦ ነው። ጣሳ የሌለበት ደጅ ላይ ቆሞ ጠላ መጠየቅ ባለቤቲቱን እንድታፍር ያደርጋታል፤ የለኝም ማለት ይከብዳታል፣ ለማኅበሯ ያዘጋጀችውንም መስጠት አትችልም።

ከሁሉ የተሻለው ጠቋሚ ወፍጮ ቤት ነው። በዚህ ሳምንት ብቅልና አሻሮ ያስፈጨችው ማን እንደሆነች ወፍጮው ላይ ያለው ልጅ ያውቃል። ሁለተኛው በገበያ ቀን ጌሾ የምትሸጠው ሴት ናት፤ ደንበኞቿን በስም ትቆጥርላችኋለች። በዚህ መንገድ አምስት ስድስት ቤት ካገኛችሁ በኋላ ከመካከላቸው ሦስቱን ምረጡ። በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ርቀት ከሦስት ኪሎ ሜትር ባይወርድ ጥሩ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የተደረደሩ ሦስት ቤቶች ቢኖሩ ውጤቱ የእግር ጉዞ ሳይሆን ዙረት ይሆናል።

ወር ከባተ በ12፣ በ21 እና በ29 የሚካኤል፣ የማርያምና የበዓለ ወልድ ማኅበር ስለሚበዛ ጠላ አለ፤ ለእናንተ የሚሆን ጊዜ ግን ላይኖር ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ጠላ ባይከለከልም ብዙ ቤት ከሰዓት በፊት አፍ አይፈታም። ቅዳሜ ይመረጣል። በብዛት ሙስሊም በሆኑ መንደሮች ጠላ ቤት አትፈልጉ፣ በጠርሙስ የያዛችሁትንም ከቦርሳ አታውጡ። በተለይ ወደ አርሲ በኩል ስትሄዱ ይህን አስቡ። እዚያ ቀሪቦ ወይም ቅነቶ የሚባለው ለስላሳ የእህል መጠጥ ከተገኘ፣ አልኮሉ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ለጠዋቱ ቤት የተሻለ ነገር የለም።

አቅጣጫ

ከአዳማ ሦስት ዓይነት አገር ይደረሳል። በምዕራብ በኩል የንፋስ ኃይል ማመንጫው ያለበት ተረተር አለ። 34ቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ 102ቱ የሁለተኛው፣ በድምሩ 136 ተርባይኖች የቆሙበት ነው። ዕይታው ያምራል፤ ግን ዳገት ነው፣ ነፋሱም አቧራውን ይዞ ዓይን ውስጥ ይገባል። በደቡብ ወንጂ አለ፦ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የተመረተበት ሜዳ፣ ቦይና ሸንኮራ አገዳ። ሜዳ ስለሆነ ይቀላል፣ ግን የአገዳው ማሳ መንገድ ይዘጋል፤ ከመቆረጡ በፊትም እሳት ይለቀቅበታል። አገዳ መሐል ያለ አቋራጭ የሚመስል መንገድ ውስጥ በፍጹም አትግቡ፤ እሳቱ ከየት እንደተለኮሰ ከውስጥ ሆኖ አይታወቅም።

ሦስተኛው፣ እኛ የምንመርጠው፣ በደቡብ ምሥራቅ በአሰላው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው አዋሽ መልካሳ ነው። ከመናኸሪያ በሚኒባስ ሄዳችሁ፣ ከዚያ በጋሪና በከብት መንገድ ወደ አዳማ አቅጣጫ እየተመለሳችሁ ትጓዛላችሁ። ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ ሰው የጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ነው። በተቃራኒው የሚሄድ ግን ሙሉ ጠዋቱን ፀሐይ በግንባሩ ይቀበላል፤ በዚህ ላይ ጠላ ሲጨመርበት ራስ ምታቱን ከጠላው ይቆጥረዋል። ሙሉውን 17 ኪሎ ሜትር መጨረስ ግዴታ አይደለም። አስፓልቱ ከአንድና ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይርቃችሁ እየጠበቃችሁ ከሄዳችሁ ሲደክማችሁ ወጥታችሁ ታክሲ ትይዛላችሁ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው፦ ዝናቡ ቆሟል፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፣ አዲስ እህል ገብቷል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ሊሆን ስለሚችል በድንበሩ ሂዱ እንጂ አታቋርጡ። ክረምት ላይ ግን ተዉት። የአዳማ ዙሪያ አፈር ልል ነው፤ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ቦረቦሩን አስፍቶት ትናንት የታለፈው መንገድ ዛሬ ገደል ይሆናል። በስልክ ካርታ ላይ የሚታየው ቀጭን መስመርም ይህን አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ስለ አካባቢው ፀጥታ ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ የምታልፉበትን ቀበሌ አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ ከመንደሩ አንድ ወጣት መንገድ መሪ ይዛችሁ ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። መሪው መንገድ ከማሳየቱ ይልቅ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መሆኑ ይበልጣል።

ሰዓቱና መጠኑ

ከመልካሳ 1 ሰዓት ላይ እግር ይንቀሳቀስ። በዚህ አገር በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ጥሩ እርምጃ ነው።

የመጀመሪያው ቤት አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ 2፡30 ገደማ ይደረስ። እዚህ ቁርስ ነው የሚበላው፤ የሚጠጣው ቅነቶ ወይም ቅራሪ ነው። ቅራሪ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ዳግም ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው፤ ጥም ይቆርጣል፣ ራስ አይዝም። ብዙ ሰው ቅራሪ ሲቀርብለት የተናቀ ይመስለዋል። በጠዋት ለሚጓዝ ሰው ግን ከዋናው ጠላ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ቤት ከዚያ አራት ኪሎ ሜትር አልፎ፣ 4፡30 ገደማ። የመጀመሪያው ጠላ እዚህ ነው፦ አንድ ኩባያ፣ ከቆሎ ጋር። ሦስተኛው ቤት ሦስት ኪሎ ሜትር ቆይቶ፣ 6 ሰዓት ላይ፤ ምሳና ሁለተኛው ኩባያ። ከዚያ ወደ አስፓልት የሚቀረው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ይሁን። 8 ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ መሆን አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአዳማ ሙቀትና አቧራ ለማንም አይበጅም።

ኩባያ ስንል የራሳችሁን 250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ማለታችን ነው። የጠላ ቤት ጣሳ ልኩ አይታወቅም፦ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮም ጣሳ ነው፣ የዘይቱም ጣሳ ነው። የጠላ አልኮል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። 5 በመቶ ብለን ብንይዝ ሁለት ኩባያ የአንድ ተኩል ጠርሙስ ቢራ ያህል ነው፤ ለ13 ኪሎ ሜትር ጣሪያው ይኸው ነው። ጠጅ ከዚህ ስለሚበረታ በመንገዱ ላይ ካለ በመጨረሻው ቤት፣ በጠላው ፈንታ፣ አንድ ብርሌ። አረቄ በጉዞ ላይ አይነካም። የገጠር አረቄ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ አወጣጡ ከተበላሸም ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፣ ይህ ደግሞ በዓይንም በምላስም አይለይም። በእሳት ሲቃጠል ሰማያዊ ከሆነ ንጹሕ ነው የሚባለውን አትመኑ።

ለአሜባ ፍላጅል እየወሰደ ያለ ሰው ጠላውን ይለፈው። ነፍሰ ጡርና ሾፌርም እንዲሁ።

ደጅ ላይና ቤት ውስጥ

ግቢው ከመድረሳችሁ በፊት «ቤቶች!» ብላችሁ ተጣሩና ቁሙ። ውሻው ቀን የታሰረ ቢመስልም ገመዱ ምን ያህል እንደሚረዝም አታውቁም። ዱላ ያዙ፣ ግን አታወዛውዙ። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፤ ጠላ ወይም አረቄ ማፍሰስ ሕክምና አይደለም።

በብዙ መንደር ኦሮምኛ ይቀድማል። ጠዋት «አካም ቡልታን»፣ ከሰዓት «አካም ኦልታን»፣ ሲወጡ «ገለቶማ» ይበቃል። ጠላ በኦሮምኛ «ፈርሶ» ነው፤ «ፈርሶን ጅራ?» ያለ ሰው ግማሽ ቤተኛ ሆኗል። ባለቤቲቱን «አዴ»፣ ባለቤቷን «ኦቦ» በሉ። አማርኛ ተናጋሪ ቤት ከሆነ እንደ ዕድሜያቸው «እማማ» ወይም «እትዬ» ይባላሉ። በስም ብቻ መጥራት ከከተማ የመጣ ሰው ስድነት ይመስላል።

ጠላው ሲቀዳ ቀጂዋ ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ መጀመሪያ ራሷ ስትቀምስ ታያላችሁ። የቆየ ወግ ነው፤ ምንም የለበትም ማለቷ ነው። ሳትቀምስ ብትሰጣችሁ አትጠይቁ፣ ስትቀምስ ግን ጠብቁ፤ እጃችሁን ቀድማችሁ አትዘርጉ። የራሳችሁን ኩባያ ስታወጡ «ልክ እንዳያልፍብኝ ነው» ብላችሁ ብትስቁ ማንም አይከፋም። ይህን ማድረጉ ለሌላም ይጠቅማል፦ በአንድ ሳፋ ውሃ የሚለቀለቁ ጣሳዎች የሆድ ሕመም ያስተላልፋሉ።

ባዶ ኩባያ ይሞላል። ይህ ሕግ ነው፣ «በቃኝ» ማለት አይሰብረውም፤ «በሞቴ» ይከተላል። የሚሠራው መንገድ ሁለት ጣት ያህል ጠላ አስቀርቶ ኩባያውን በመዳፍ መክደን ነው። ዋጋ ከመቀመጣችሁ በፊት ይጠየቃል፣ ሒሳቡ ስትነሱ ይከፈላል፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ፎቶ ሳትጠይቁ አታንሱ፤ ጋኑን ግን አብዛኛው ሰው በደስታ ያሳያል።

ስትቀምሱ ይህን ተመልከቱ። የኮምጣጤ ሽታ ቀድሞ ከመጣ ምርጊቱ ተሰንጥቆ አየር ገብቷል፤ አይገድልም፣ ግን ሆድ ያስቸግራል። ከላይ ነጭ ሽፋን ከያዘ ተዉት። ምላስን የሚይዝ ጥሬ ምሬት ጌሾው መብዛቱን ወይም አለመብሰሉን ነው የሚናገረው። ጢሱ ከጣዕሙ በላይ ከሆነ ወይራው በዝቷል፤ ይህ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ይመርጣል።

ውሃ፣ ወንዝና ሌላ ችግር

ብዙ ጊዜ የሆድ ችግር የሚመጣው ጠላው ላይ ከሚጨመረው የመጨረሻው ውሃ ነው፤ አይፈላም። ስለዚህ ሐሙስ ስትደውሉ ከቧንቧ ወይም ከቦኖ እንዲሆን ጠይቁ፤ ከቦይ ከሆነ ቤቱን ቀይሩ። ለራሳችሁ በሰው ሦስት ሊትር የመጠጥ ውሃ ያዙ። ከጠላ በኋላ የሚመጣው ጥም በጠላ አይቆረጥም። ሁለት ከረጢት ኦ አር ኤስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለአቧራው ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይኑር። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፤ በወንጂ አካባቢ ጥርሱ የቡናማ ነጥብ ያለበት ሰው የምታዩት በዚህ ነው። የአንድ ቀን ጉዞ አይጎዳም፣ ማፍላት ግን ፍሎራይዱን እንደማያጠፋ እወቁ።

ቦይ ውስጥ እግር አትንከሩ፤ በወንጂ የመስኖ ቦዮች ቢልሃርዝያ አለ። ወደ አዋሽ ዳር ከወረዳችሁ ጉማሬና አዞ ያለበት ወንዝ ነውና ከ11 ሰዓት በፊት ከዳሩ ውጡ፤ ጉማሬ ሲመሽ ወደ ሣር ይወጣል፣ በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም። ወባም አለ፤ ለማደር ካሰባችሁ አጎበር ያዙ።

ወደ ቤት ጠላ የሚወስድ ሰው ሃይላንዱን እስከ አንገቱ አይሙላ። ሲሶውን ባዶ ይተውለት፣ ክዳኑን በየግማሽ ሰዓቱ ፈታ እያደረገ ያስተንፍሰው፣ ቦርሳ ውስጥም ቀጥ አድርጎ ያቁመው። በታክሲ ሙቀት ውስጥ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ጠላ ክዳኑን አሽቀንጥሮ የጎረቤትን ነጠላ ያጥባል። ቤት ሲደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ በማግስቱ ካልተጠጣ ይኮመጥጣል።